ትርፍ ጊዜ ለምን አንዱን ያረካል፣ ሌላውን ያታክታል?

ጎንደር ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ተቃራኒ ችግሮች አብረው ያድራሉ። እናት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥተው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ወገባቸውን የሚያሳርፉበት ጊዜ የላቸውም። ዲግሪውን ይዞ ሥራ የሚጠብቀው ልጃቸው ደግሞ ቀኑ አልመሽ ብሎታል። እሳቸው አንዲት ሰዓት ቢያገኙ ይመኛሉ፤ እሱ ያለውን ሰዓት በምን እንደሚገፋው ግራ ይገባዋል። ለኑሯቸው ነጥብ ይስጡ ቢባሉ ሁለቱም ዝቅ ያለውን ሊመርጡ ይችላሉ። የትርፍ ጊዜና የሕይወት እርካታ ዝምድና ቀላል ያልሆነው ለዚህ ነው፤ ሰዓት መጉደሉም መትረፉም ሰውን ወደ አንድ ቦታ ሊያደርሰው ይችላል። ልዩነት የሚፈጥረው በሰዓቱ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደጎደለ ነው።

እርካታ እንዴት ይለካል?

ተመራማሪዎች የሕይወት እርካታ የሚሉት ሰው ኑሮውን በጠቅላላው መዝኖ የሚሰጠውን ፍርድ ነው። የዕለት ስሜት ሌላ ነው። ሰርግ ላይ እስክስታ ሲመታ ያመሸ ሰው በነጋታው «በኑሮዬ አልረካሁም» ሊል ይችላል። ለፈተና ሲያጠና የሰነበተ ተማሪ ደግሞ ዓይኑ ቀልቶም ቢሆን በሕይወቱ የረካ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ምን ያዝናናኛል?» እና «ምን ያረካኛል?» የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

በብዛት የሚሠራበት መለኪያ ኤድ ዲነርና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ 5 ዐረፍተ ነገር መጠይቅ ነው። ሐሳቦቹ ሲጠቃለሉ እንዲህ ናቸው፦ ኑሮዬ በአብዛኛው ከምመኘው ጋር ይቀራረባል፤ የኑሮዬ ሁኔታ እጅግ ጥሩ ነው፤ በሕይወቴ ረክቻለሁ፤ እስካሁን የምፈልጋቸውን ዋና ዋና ነገሮች አግኝቻለሁ፤ ሕይወቴን እንደገና ብጀምር ብዙም የምለውጠው የለም። ለእያንዳንዱ «ፈጽሞ አልስማማም» ከሆነ 1፣ «በጣም እስማማለሁ» ከሆነ 7፣ በመካከል ላለው ደግሞ እንደየደረጃው ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ5 እስከ 35 ይደርሳል። 20 መሀል ነው፤ ወደዚያም ወደዚህም አያጋድልም። ከ26 እስከ 30 ያገኘ ሰው ረክቷል ይባላል፤ ከ10 እስከ 14 ያገኘ አልረካም።

መጠይቁን ለብቻ ሆኖ፣ በጽሑፍ መሙላት ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ሰው ፊት ስለ ኑሮ ማማረር ፈጣሪን እንደማሳዘን ስለሚቆጠር ጎረቤት ቢጠይቀን ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል። ወረቀቱ ላይ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት፤ በኋላ ያስፈልጋል።

ሁለት ሰዓትና አምስት ሰዓት

በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የ21,736 አሜሪካውያንን የቀን ውሎ መረጃ መርምሮ ነበር። ሰው በቀን ያለው ነፃ ጊዜ ከዜሮ ወደ 2 ሰዓት ገደማ ሲያድግ በኑሮው የሚሰማው ደስታና እርካታ አብሮ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ይረጋል፤ ከ5 ሰዓት ሲያልፍ መውረድ ይጀምራል። መረጃው የአሜሪካ ስለሆነ የሁለቱና የአምስቱ ሰዓት ድንበር እንዳለ ተነቅሎ ጎንደር ላይ አይተከልም። የመስመሩ ቅርጽ ግን የእናትንና የልጅን ጉዳይ በደንብ ያስረዳል። በተለይ አንድ ነገር ልብ ይባል፦ ብዙ ነፃ ጊዜ ያላቸው ሰዎች ሰዓቱን ከሰው ጋር ወይም ፍሬ ባለው ሥራ ሲያሳልፉት ቁልቁለቱ ይለዝባል።

ከዚህ ከ90 ዓመት በፊት በኦስትሪያ የተደረገው ጥናት የበለጠ ይናገራል። ማሪንታል በምትባል ትንሽ መንደር የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲዘጋ ነዋሪው ሁሉ ለማለት ይቻላል ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል መንደሯን አጥንተው ውጤቱን በ1933 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ሰው ጊዜ ሲያገኝ ያነባል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ሆኖም የመንደሯ ቤተ መጻሕፍት ያለ ክፍያ እያዋሰ እንኳ የሚወሰደው መጽሐፍ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ። ወንዶቹ መንገድ ላይ ሲሄዱ እርምጃቸው ዘገመ፤ ደጋግመውም ይቆሙ ነበር። ሴቶቹ ግን አልዘገዩም፤ የቤቱ ሥራ አሁንም ይጠብቃቸው ነበርና።

ያሆዳ ከዚህ የደረሰችበት ሐሳብ ሥራ ከደመወዝ ሌላ የሚሰጠው ነገር አለ የሚል ነው፦ ቀንን ይከፋፍላል፣ ከቤተሰብ ውጭ ካለ ሰው ጋር ያገናኛል፣ የጋራ ዓላማ ይሰጣል፣ ማዕረግ ያመጣል፣ እንቅስቃሴ ያስገድዳል። ትርፍ ጊዜ ደስ የሚለው ይህ አጥር ሲኖር ነው። አጥሩ ሲፈርስ ቀኑ ሁሉ አንድ ወጥ ይሆንና ማረፍም መሥራትም ጣዕሙን ያጣል። ሥራ ለሚፈልግ ወጣት «ተዝናና» የሚለው ምክር የማይሠራው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው በሳምንት ሦስት ወይም አራት የማይነቃነቁ ሰዓቶች ናቸው፤ ሌላ ሰው የሚጠብቀው ቢሆኑ ይመረጣል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍት መግባት፣ ለሰፈር ልጆች ማስጠናት፣ ቅዳሜ ጠዋት ኳስ፣ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ልምምድ ሊሆን ይችላል። መዝናናቱ ከነዚህ በኋላ ይመጣል።

በሰዓቱ ውስጥ ያሉ አምስት ነገሮች

ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘነ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ሥራ የሚለው ይህን ነው፦ አንድን ነገር ስንት ጊዜ እንደምናደርግ ከእርካታ ጋር ይዛመዳል፤ በትርፍ ጊዜያችን መርካታችን ግን ይበልጥ ይዛመዳል። በሳምንት አምስት ቀን ከረምቡላ የሚጫወት ሰው ሁለት ቀን ከሚጫወተው የበለጠ የረካ ላይሆን ይችላል። ታዲያ በትርፍ ጊዜ መርካት ከየት ይመጣል? ኒውማን፣ ታይና ዲነር በ2014 እ.ኤ.አ. አምስት ነገሮችን ለይተዋል፦ ከሥራ መላቀቅና ማገገም፣ በራስ ፈቃድ መምረጥ፣ ችሎታ ማዳበር፣ ትርጉም፣ ከሰው ጋር መተሳሰር። አንድ ነጠላ ተግባር አምስቱንም እንዲሰጥ አይጠበቅም። ሳምንቱ በጠቅላላው ግን አንዱንም ባይነፍግ ይመረጣል። አንዱ ሲጎድል የሌላውን መጠን መጨመር ብዙም አይረዳም፤ ጨው የጎደለው ወጥ በርበሬ ቢያክሉበት አይቃናም።

መላቀቅ ማለት አካል ከሥራ ቦታ መራቁ ብቻ አይደለም። የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ከቤተሰቡ ጋር ቡና ላይ ተቀምጦ በየአምስት ደቂቃው ስለ ዕቃ ጭነት ስልክ የሚያነሣ ከሆነ አእምሮው አሁንም መጋዘኑ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የሚጠቅም የእጅ መለኪያ አለ፦ ዕረፍቱ ከሥራው በተቃራኒ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል የባጃጅ ሹፌር እግሩን ቢያንቀሳቅስ ይሻለዋል። ሲሸከም የዋለ ሰው ቁጭ ብሎ ቢጫወት ይሻለዋል። ከሕዝብ ጋር ሲነታረክ የዋለ የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ዝም ቢል አይጎዳም። ችግሩ ሰው በጣም በደከመበት ቀን ነው፤ ማገገሚያ ይበልጥ በሚያስፈልገው ዕለት ማገገሚያውን ለመጀመር ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ምርጫው ባልደከሙበት ቀን ተወስኖ የሚቆይ ይሁን፤ ለመጀመርም ከአሥር ደቂቃ በላይ ዝግጅት የማይጠይቅ።

ፈቃድን በሚመለከት ቡና ጥሩ ማሳያ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ለጎረቤቶቹ ወግ፣ ዜና፣ ምክርና ሳቅ ነው፤ ከምናውቃቸው የመተሳሰሪያ መንገዶች ሁሉ ርካሹና ጠንካራው ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከጥናት መጥታ ስኒ እንድታጥብ፣ እንድትቆላ፣ እንድትወቅጥ ለታዘዘችው ልጅ ግን ያው ሥርዓት ሥራ ነው። ተመሳሳይ ክፍል፣ ተመሳሳይ እጣን፣ ሁለት የተለያየ ሰዓት። የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 እ.ኤ.አ. ያካሄደው የአገሪቱ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ሴቶች ያለ ክፍያ በሚሠራ የቤት ሥራ ላይ ከወንዶች እጅግ የበለጠ ጊዜ እንደሚያጠፉ አሳይቷል። አንዲት ሴት «አርፌ ነበር» የምትለውን ሰዓት ብንመረምረው ብዙ ጊዜ ልጅ አዝላ፣ ምስር እየለቀመች ወይም የተጣደ እየጠበቀች ያሳለፈችው ነው። የተቆራረጠ ዕረፍት በሰዓት ሲደመር ብዙ ይመስላል፤ ሲኖሩበት ትንሽ ነው። መድኃኒቱ «ለራስሽ ጊዜ ስጪ» የሚል ስብከት አይደለም፤ ሥራውን ማካፈል ነው። ቡናው በዙር በየቤቱ ይሁን፤ አንዱ ከቆላ ሌላው ይውቀጥ፣ ስኒውን ወንዶቹም ይጠቡ። በሳምንት አንድ ጊዜ ያልተቆራረጠ 90 ደቂቃ በየቀኑ ከምትገኝ ከ10 ደቂቃ ሽርፍራፊ ይበልጣል።

ችሎታ ማዳበር ከአምስቱ በጣም የሚዘነጋው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ሰዎች በሥራቸው ተመስጠው ጊዜ መንጎዱን እስኪረሱ የሚደርሱበትን ሁኔታ ለዓመታት አጥንቷል። የሚገርመው በ1989 እ.ኤ.አ. ከጁዲት ለፌቭር ጋር ያወጣው ጥናት ይህ ተመስጦ ከዕረፍት ሰዓት ይልቅ በሥራ ሰዓት እንደሚበዛ ማሳየቱ ነው፤ ሰዎቹ ግን ሥራ ላይ ሆነው ሌላ ነገር ባደረግን ይሉ ነበር። ምክንያቱ ብዙ የዕረፍት ሰዓት ምንም ስለማይጠይቀን ነው። ለተመስጦ ሦስት ነገሮች ይፈለጋሉ፦ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ በግልጽ መታወቁ፣ ስሕተት ወዲያው መታየቱ፣ የሥራው ክብደትና የሠሪው ችሎታ መመጣጠኑ። ሥራው ሲከብድ ጭንቀት፣ ሲቀልል መሰልቸት ይሆናል።

ስፌት ሦስቱንም ያሟላል። አክርማው፣ ስንደዶው፣ አለላውና ወስፌው አጠገብ ካሉ እያንዳንዱ ዙር የራሱ ግብ ነው፤ ጥብቀቱ ከላላ ዓይን ወዲያው ያየዋል። ጀማሪ ግን በሞሰብ መጀመር የለበትም። መጀመሪያ መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ይሥራ፤ እዚህ ላይ የሚማረው ጥብቀትን እኩል መያዝ ነው። ቀጥሎ ጠርዙ ወደ ላይ የሚነሣ ትንሽ ሙዳይ ይሞክር፤ ቀለም ያለው ሐረግ ከዚያ ወዲህ ይምጣ። ክቡ በሰፋ ቁጥር በሐረጉ መካከል ያለው ርቀት እየተቆጠረ መስተካከል ስላለበት ቶሎ ቀለም የጀመረ ሰው ንድፉ ተዛብቶበት ይተወዋል። መሰንቆም እንዲሁ ነው። ያለችው አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ስለሆነች ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያመለክት ምንም ነገር የለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጎረቤትም ለባለቤቱም መከራ ናቸው። ጎንደር አዝማሪ የሞላበት አገር ስለሆነ አስተማሪ ፈልጎ በሳምንት አንድ ጊዜ ስሕተትን ማሳረም ለብቻ ከመታገል ያሳጥራል። ገበጣና ዳማ ከሁሉ ይቀላሉ፤ ገበጣ መሬት ቆፍሮ በጠጠር ይጫወቱታል። ሁልጊዜ የሚያሸንፉትን ወይም ሁልጊዜ የሚያሸንፍዎን ሰው ግን አይምረጡ፤ ከሦስት ጨዋታ አንዱን ወይም ሁለቱን የሚወስድ ተጋጣሚ ይሻላል።

ስለ ትርጉም ጎንደሬ ብዙ ማስተማሪያ አያሻውም። ለጥምቀት ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ምንጣፍ የሚያነጥፈው ወጣት፣ ለመውሊድ መንዙማ የሚያጠናው፣ የእድር ድንኳን የሚተክለው፣ ሁሉም በደከመበት ሰዓት ከራሱ የሚበልጥ ነገር አካል ይሆናል። እዚህ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው፦ ግዴታው ሲበዛ ፈቃዱ ይጠፋል። በወር አራት ማኅበር፣ ሁለት እቁብና ሦስት እድር ያለበት ሰው የሚፈልገው ትርጉም ሳይሆን ባዶ እሑድ ነው።

መተሳሰርን ኳስም ይሰጣል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ሲያነሣ ከተማው የሆነውን ያየ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም። በዲኤስቲቪ ቤት 90 ደቂቃ አብሮ መጮህ እውነተኛ ትስስር ነው። የስፖርት ውርርድ ሲገባበት ግን ሰዓቱ መልኩን ይለውጣል። ስሜቱ በማያዝዝበት ውጤት ላይ ይንጠለጠላል፤ ትንተናው ችሎታ ያስመስላል፤ ጓደኛ ተቀናቃኝ ወይም አበዳሪ ይሆናል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሳይወራረዱ ጨዋታ ማየት ካልጣመዎ የሚያዝናናዎ ኳሱ መሆኑ ቀርቷል። መጠጥም እንደዚያው ነው፤ የጠላ ቤቱ ወግ ጥሩ ነው፤ አልኮሉ ግን የሌሊቱን እንቅልፍ ሁለተኛ አጋማሽ ስለሚያውክ የነገውን ዕረፍት ይበላል። ጫት ደግሞ እንቅልፉን ገና ከመጀመሪያው ያዘገያል።

ስልክን በሚመለከት በየቦታው የሚነገረው ማስፈራሪያ ከማስረጃው ይበልጣል። ማታ ግማሽ ሰዓት አጫጭር ቪዲዮ ማየት ሕይወትን አያፈርስም፤ ከሥራ ሐሳብም ያላቅቃል። ችግሩ ከአምስቱ የሚሰጠው ያንን አንዱን ብቻ መሆኑና መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነው። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፣ ቡና በረካ አለው፤ ቪዲዮው ግን ባትሪው እስኪያልቅ ይቀጥላል። ስለዚህ ማብቂያውን ከውጭ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ መሰካት ከማንኛውም ውሳኔ ይልቅ ይሠራል።

የራስን ሳምንት መመርመር

አንድ ደብተር ይያዙና ለ7 ቀን፣ ለየቀኑ አንድ ገጽ ይመድቡ። ቢቻል ሳምንቱ ውስጥ አንድ የበዓል ቀን ይኑር። አምስት ዓምድ ያሥምሩ፦ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን፣ ከማን ጋር፣ ማን መረጠው (እኔ፣ ሌላ ሰው ወይም ልማድ)፣ ሲያልቅ ምን ተሰማኝ (ከ0 እስከ 10)። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ምሳ ላይና ከመኝታ በፊት ይሙሉት። ለነገ ያደረ ማስታወሻ አይታመንም፤ ሰው ያሳለፈውን ሳይሆን ማሳለፍ የነበረበትን ይጽፋል።

በስምንተኛው ቀን በየመስመሩ ጎን ሰዓቱ የሰጠውን በፊደል ያመልክቱ፦ መ ለመላቀቅ፣ ፈ ለፈቃድ፣ ች ለችሎታ፣ ት ለትርጉም፣ ሰ ለሰው። አንድ መስመር ሁለት ሦስት ፊደል ሊይዝ ይችላል፤ ምንም ላይዝም ይችላል። ከዚያ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ በሳምንቱ ከሁለት ጊዜ በታች የታየው ፊደል የቱ ነው? ሁለተኛ፣ ብዙ ሰዓት ወስዶ 4 ወይም ከዚያ በታች ነጥብ ያገኘው መስመር የቱ ነው? የመጀመሪያው የጎደለውን ይነግርዎታል፤ ሁለተኛው ሰዓቱ ከየት እንደሚቀነስ። አዲሱ ነገር በሌላው ላይ የሚደረብ ሳይሆን የሚተካ ይሁን። በተጨናነቀ ቀን ላይ የተደረበ መዝናኛ በሁለተኛው ሳምንት ይወድቃል።

አንድ ተግባር ብቻ ይምረጡ፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። የጎደለዎ መላቀቅ ከሆነ የእግር ጉዞ ቀላሉ ነው። ከፒያሳ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደርሶ መመለስ ረጋ ባለ እርምጃ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ወደ ጎሃ ኮረብታ መውጣት አጭር ቢሆንም ትንፋሽ ይፈትናል። እየተራመዱ ማውራት የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትዎ ፍጥነት ትክክለኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ስለሚመክር በአንድ ወጪ ሁለት ጥቅም ይገኛል። ከመተማ ቆላ በቅርቡ ለመጡ ሰዎች 2,100 ሜትር ገደማ ያለው ከፍታ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስለሚያከብድ ከሜዳው ይጀምሩ።

ቀጠሮ አያያዙ ላይ ሰዎች በሁለት ተቃራኒ መንገድ ይሳሳታሉ። ሥራ የበዛበት ሰው መዝናኛውን «ሐሙስ 11፡30 እስከ 12፡15» ብሎ ሲያጠብቀው እንደ አንድ ተጨማሪ ስብሰባ ይሰማዋል፤ ይህንን ጋብሪኤላ ቶንየቶና ሰሊን ማልኮች በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። «ሐሙስ ከሥራ በኋላ» ማለት ይበቃዋል። ቀኑ ባዶ ለሆነበት ሰው ግን ተቃራኒው ይሠራል፤ «ከሰዓት በኋላ» ያለው ነገር እንደ ወጣ ይቀራል። እሱ ሰዓቱን ቆርጦ፣ ከሚጠብቀው ሰው ጋር ይቅጠር።

የጎንደርን ዓመትም ግምት ውስጥ ያስገቡ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ የከሰዓቱ ዝናብ የውጭ ዕቅድን ስለሚያጥብ ለክረምቱ የቤት ውስጥ ተተኪ ይኑርዎት፤ ስፌት፣ ንባብ ወይም ገበጣ። ሰዓት እላፊ በሚታወጅበት ወቅት የማታው ፕሮግራም ወደ ጠዋት ወይም ወደ እሑድ ከሰዓት ይዛወር፤ «ሲረጋጋ እጀምራለሁ» የተባለ ነገር ብዙውን ጊዜ አይጀመርም። መብራት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መዝናኛም አይመከርም።

ከዚህ በኋላ የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ሳይጀምሩ ዕቃ መግዛት አንዱ ነው፤ መሰንቆውን ከመግዛት ለአንድ ወር መዋስ ይሻላል። ሁለተኛው ቶሎ ወደ ገቢ መለወጥ ነው። ስፌቱ ሲያምር ጎረቤት ማዘዝ ይጀምራል፤ ከዚያ ቀለሙን የሚመርጠው ገዢ፣ ሰዓቱን የሚወስነው ቀነ ገደብ ይሆናል። ገንዘቡ ካስፈለገ ጥሩ ነው፤ ግን ያን ዕለት መዝናኛ መሆኑ አብቅቷልና ሌላ መፈለግ ይኖርብዎታል። ሦስተኛው ጥፋተኝነት ነው። ዕረፍትን እንደ ብክነት የሚያዩ ሰዎች ዕረፍታቸው ላይ ሆነው እንኳ ያነሰ ደስታ እንደሚያገኙ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። «ሥራ ፈት» መባልን በምንፈራበት ኅብረተሰብ ይህ ቀላል አይደለም፤ ሰዓቱ ከአምስቱ የትኛውን እንደሚሰጥዎ ለራስዎ ማወቅ ግን ያቀልለዋል። አራተኛው «በ21 ቀን ልማድ ይሆናል» የሚለው ወሬ ነው። ለንደን ላይ በተደረገ ጥናት አዲስ ድርጊት ልማድ ለመሆን የወሰደበት መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። በአራተኛው ሳምንት አሁንም የሚከብድ ከሆነ ምንም አልተበላሸም።

ምን ያህል ይጠበቃል?

የትርፍ ጊዜ ተግባር ከሕይወት እርካታ ጋር ያለው ዝምድና እውነተኛ ነው፤ ግን መጠነኛ ነው። ጤና፣ ገቢ፣ ሰላምና ትዳር ቦታቸውን አይለቁም። የቤት ኪራይ ያስጨነቀውን ሰው ገበጣ አያሳርፈውም። ሌላም ጉዳይ አለ፦ ዝምድናው በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። የረካ ሰው ወደ ሰው ይወጣል፣ ይጫወታል፣ አዲስ ነገር ይሞክራል፤ ስለዚህ «ብዙ የሚጫወቱ ሰዎች ደስተኞች ናቸው» የሚለው ቁጥር ብቻውን ጨዋታው ደስታውን እንዳመጣ አያረጋግጥም።

በተለይ ይህ አይዘለል፦ ከዚህ በፊት ይወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካልጣመዎ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት አብሮ ከተዛባ፣ ጉዳዩ የመዝናኛ እጦት ላይሆን ይችላል፤ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱን ስንፍና ላይ ሳይጥሉ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና በሚሰጥበት ሌላ ጤና ተቋም መታየት ያስፈልጋል። ጸበል የሚሄድ ሰውም ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግ ይችላል።

መጠይቁን ከ8 ሳምንት በኋላ፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ሳያዩ እንደገና ይሙሉት። የአንድ ወይም የሁለት ነጥብ ልዩነት የዕለቱ አየር ሊያመጣው የሚችል ነው፤ ብዙ አይቁጠሩት። አራት ወይም አምስት ነጥብ ከተለወጠ ግን ደብተሩን ለሌላ አንድ ሳምንት ሞልተው የትኛው ፊደል እንደጨመረ ይመልከቱ። ነጥቡ ባይነቃነቅም የመስመሮቹ ነጥብ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ የዕለት ስሜት ከጠቅላላው ፍርድ ቀድሞ ይለወጣል። ሁለቱን ልኬቶች በተመሳሳይ የወር ክፍል ያድርጓቸው፤ ደመወዝ በወጣ ማግስት የተሞላ መጠይቅ በወር መጨረሻ ከተሞላው ጋር አይወዳደርም። የጥምቀትና የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ጨርሶ አይለኩ።